አቶሞችን የለካው ጎልድሽሚት

በዚህ ቡሌቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸው የሚጻፍላቸው ደራሲያን፣ አንጋፋ ጋዜጠኞችና የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን የድንጋይ ሰው ነው። አትደንግጡ፤ የኬሚስትሪ ሌክቸር ልሰጣችሁ አይደለም። እኔም ብሆን ኬሚስትሪን አሥረኛ ክፍል ላይ በሰላም ተሰናብቻታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ሳይንስ ዘገባ አጻጻፍ ስንማር ስለ አዳዲስ ግኝቶች የሚወጡ ዜናዎችን ማገላበጥ ነበረብኝ። ደጋግሞ ዓይኔ ውስጥ የገባው ፔሮቭስካይት የሚባል ነገር ነው። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እንደ ቀለም ተቀብቶ ሊሠራ ይችላል፤ ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ ጨረር ሲመታው ይቆስልና ቁስሉን ራሱ ያሽራል ይሉታል። ታዲያ ዜናዎቹ በሙሉ ነገሩን ትናንት የተወለደ ተአምር አድርገው ነው የሚያቀርቡት። እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች ደግሞ ትናንት ተወለደ የተባለ ነገር ሁሉ አባት እንዳለው መጠርጠር አለብን። ወደ ኋላ እየሄድኩ ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት ነው። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች የትኛው ፔሮቭስካይት እንደሚቆም የትኛው እንደሚፈርስ ለመገመት የሚጠቀሙበት ቀመር የሱ ነው። ቀመሩን ያወጣው በ1926 ነው። ጨረር አንዳንዱን ክሪስታል አፍርሶ ሌላውን ለምን እንደሚተወው ከጠየቁት ቀደምት ሰዎችም አንዱ እሱ ነው። ጂኦሎጂ የተማረ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ከዚያ ውጭ ያለነው ግን አናውቀውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ጎልድሽሚት የተወለደው ጃንዋሪ 27 ቀን 1888 በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ ነው። አባቱ ሃይንሪሽ ጎልድሽሚት የኬሚስትሪ ምሁር ነበር፤ ቪክቶር የሚለውን ስም ለልጁ ያወጣለትም በሥራ ባልደረባው በታዋቂው ኬሚስት በቪክቶር ማየር ስም ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን። በ1901 አባትየው በኖርዌይ ዋና ከተማ በክርስቲያኒያ፣ ማለትም ዛሬ ኦስሎ በምንላት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመና ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። በ1905 የኖርዌይ ዜጋ ሆኑ።

ኖርዌይ ለድንጋይ ወዳጅ ገነት ናት ይባላል። በዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቫልደማር ብሮገር የሚባል ስመ ጥር የማዕድን ሊቅ ያስተምር ነበር። ወጣቱ ጎልድሽሚት በዚህ ሰው ሥር ተኮተኮተ። የዶክትሬት ጥናቱን በ1911 ሲያቀርብ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ጥናቱ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ወጥቶ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ሲያበስለው ምን ምን ማዕድን እንደሚፈጠር የሚያሳይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጂኦሎጂስቶች ድንጋዩን አይተው ይገልጹት ነበር፤ እሱ ግን የኬሚስትሪ ሕግ ይዞ መጥቶ በዚህ ሙቀት እነዚህ ማዕድናት አብረው ይኖራሉ፣ እነዚህ አይኖሩም ብሎ አስቀድሞ ለመናገር ሞከረ። በ1914 ፕሮፌሰርና የማዕድን ተቋሙ ኃላፊ ሆነ፤ ዕድሜው 26። እኔ 21 ዓመቴ ነው፣ ሚድ ተርም እያጠናሁ ነው። ንጽጽሩን ለናንተ ትቻለሁ።

እንግዲህ ወደ አቶም የወሰደው መንገድ በጦርነት በኩል ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ኖርዌይ ገለልተኛ ብትሆንም ከውጭ የምታስገባው ጥሬ ዕቃ እየጠፋ ሄደ። በ1917 መንግሥት የጥሬ ዕቃ ኮሚሽንና ላቦራቶሪ አቋቋመና ጎልድሽሚትን ኃላፊ አደረገው። ሥራው ከአገር ውስጥ ድንጋይ ምን ማውጣት እንደሚቻል መፈለግ ነበር። የትኛው ድንጋይ ለማዳበሪያ ይሆናል? የትኛው እሳት ይችላል? እንዲህ እያለ ሲፈልግ ከበስተጀርባ ያለው ትልቁ ጥያቄ ያዘው። አንድ ንጥረ ነገር ለምንድን ነው በዚህ ድንጋይ ውስጥ ተገኝቶ በዚያኛው የሚጠፋው? ይህ ጥያቄ ዛሬ ጂኦኬሚስትሪ ለምንለው ትምህርት መሠረት የሆነ ጥያቄ ነው። በ1923 ንጥረ ነገሮችን በዝምድናቸው በአራት ቤተሰብ ከፈላቸው፦ ብረት የሚወዱ፣ ድኝ የሚወዱ፣ ድንጋይ የሚወዱ፣ አየር የሚወዱ። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ።

ይሁን እንጂ ማን ከማን ጋር ይስማማል የሚለውን ለማወቅ ዝምድና ብቻ አልበቃውም። መጠን ያስፈልጋል። አቶም ስንት ያህላል? ከ1912 ጀምሮ ኤክስሬይን በክሪስታል ውስጥ በማሳለፍ አቶሞቹ በምን ያህል ርቀት እንደተደረደሩ ማወቅ ተችሎ ነበር። ጎልድሽሚትና ወጣት ረዳቶቹ ከ1923 እስከ 1926 ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ከ75 ንጥረ ነገሮች የተሠሩ 200 ያህል ውሕዶችን በዚህ ዘዴ መረመሩ። ይፈጫሉ፣ ያቃጥላሉ፣ በኤክስሬይ ያነሳሉ፣ ይለካሉ። ከዚያ ደግሞ ይደግማሉ። አሰልቺ ሥራ ይመስላል፤ እንደ እኔ ግን የሰውየው ትልቅነት ያለው እዚህ አሰልቺው ቦታ ላይ ነው።

ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ኳሶች ተነካክተው ቢቀመጡ ኤክስሬይ የሚነግርህ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለውን ርቀት ብቻ ነው፤ አንዱ ስንት ሌላው ስንት እንደሚይዝ አይነግርህም። የአንዱን ልክ ከሌላ ቦታ ካወቅክ ግን የሌላውን በመቀነስ ታገኛለህ። ቫሳስየርና የሚባል ፊንላንዳዊ በ1923 የኦክስጅንንና የፍሎሪንን መጠን ገምቶ ነበር። ጎልድሽሚት ከነዚያ ተነሳ፤ ኦክስጅንን 1.32 አንግስትሮም ብሎ ያዘና የቀሩትን እየቀነሰ አወጣቸው። አንግስትሮም ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮን እጅ የሚያንስ ነው። እንዲህ አድርጎ አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አቶሞችን፣ በመጠናቸው ሰንጠረዥ ላይ አሰፈራቸው።

አሁን ፔሮቭስካይት ላይ ደረስን። ስሙ የመጣው በ1839 ከሩሲያ ኡራል ተራሮች ከተገኘ ማዕድን ነው። የመረመረውና ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ጉስታቭ ሮዘ ነው፤ ስሙን የሰጠው ግን ማዕድን መሰብሰብ ለሚወድ ሌቭ ፔሮቭስኪ ለሚባል የሩሲያ ባለሥልጣን ነው። (ባለሥልጣን የትም አገር ባለሥልጣን ነው።) ማዕድኑ ከካልሲየም፣ ከታይታኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ በ1925 ያሳተመው ደግሞ ከጎልድሽሚት ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆነው ቶም ባርት ነው።

አደራደሩን እንዲህ አስቡት። አራት ማዕዘን የሆነች አንዲት ክፍል አለች። በስምንቱ ማዕዘኖቿ ላይ ታይታኒየም ተቀምጧል። በየሁለት ታይታኒየም መካከል አንድ ኦክስጅን አለ። በክፍሏ እምብርት ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ እንግዳ ተቀምጧል፤ እሱ ካልሲየም ነው። ጎልድሽሚት በ1926 ያለው ነገር ቢኖር ይህቺ ክፍል የታይታኒየምና የካልሲየም የግል ንብረት አይደለችም ነው። መጠናቸው እስከገጠመ ድረስ ማንም ሊገባባት ይችላል። መግጠም አለመግጠሙን ለማወቅ የእንግዳውንና የኦክስጅንን መጠን ደምር፤ የማዕዘኑንና የኦክስጅንን መጠን ደምረህ በ1.414 አባዛ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። መልሱ 1 ከሆነ እንግዳው ልክክ ብሎ ገብቷል። ከ1 በታች እየወረደ ሲሄድ እንግዳው ለክፍሉ አንሷል፣ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይንጋደዳሉ። ከ0.8 በታች ሲሆን ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ራሱ አይቆምም። ከ1 በላይ ሲሆን ደግሞ እንግዳው በዝቶበታል። ይኸው ነው! ቶለራንስ ፋክተር የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ጥግ ላይ የሚሠራ ስሌት ነው፤ ግን ገና ያልተሠራ ነገር ይቆማል አይቆምም ብሎ የሚናገር ስሌት ነው።

ሌላው ሥራው ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን የበለጠ የሚቀርበው ነው። በኖርዌይና በስዊድን ጥንታዊ ድንጋዮች ውስጥ ከውጭ ሲያዩአቸው ጠርዛቸው የተስተካከለ ክሪስታል የሚመስሉ፣ ሲሰበሩ ግን ውስጣቸው እንደ ጠርሙስ የሆነ ማዕድናት አሉ። ቅርፁ አለ፣ ሥርዓቱ የለም። ቤቱ ሳይፈርስ ቤተሰቡ የተበተነ ዓይነት። የጎልድሽሚት መምህር ብሮገር በ1893 ሜታሚክት የሚል ስም አወጣላቸው። በ1914 አክሰል ሃምበርግ የሚባል ስዊድናዊ ይህ የሚሆነው በማዕድኑ ውስጥ ያሉት ዩራኒየምና ቶሪየም በሚተፉት የአልፋ ጨረር ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጨረሩ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ አቶሞቹን አንድ በአንድ ከቦታቸው እያፈናቀለ ሥርዓቱን ያጠፋዋል ማለት ነው።

ጎልድሽሚት በ1924 ወደዚህ ጉዳይ ሲገባ የጠየቀው ጥያቄ ለእኔ የጋዜጠኛ ጥያቄ ነው። ጨረር ከሆነ ጥፋተኛው፣ ዩራኒየምና ቶሪየም ሞልቷቸው ሳይፈርሱ የቆሙት ማዕድናትስ? ቶሪያናይት የሚባለው ማዕድን አብዛኛው ሰውነቱ ቶሪየም ነው፤ ክሪስታልነቱን ግን አልለቀቀም። ስለዚህ ጎልድሽሚት ጨረሩን ሳይክድ ሌላ ነገር ጨመረበት፦ የሚወስነው የክሪስታሉ የራሱ አሠራር ነው። አቶሞቹ የተያያዙት በምን ዓይነት ማሰሪያ ነው? ማሰሪያው ሲፈታ ተመልሶ የመታሰር ዝንባሌ አለው ወይስ የለውም? የማብራሪያውን ዝርዝር በኋላ የመጡት አርመውታል። ዛሬ እንደሚታወቀው ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው አልፋ ቅንጣቱ ሳይሆን ቅንጣቱን የተፋው ከባድ አቶም ነው፤ ጠመንጃ ሲተኮስ ሰደፉ ወደ ኋላ እንደሚመታ ሁሉ አቶሙም ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በሺህ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቹን ያምሳል። ጥያቄው ግን እንዳለ ቆሟል።

እነዚህ ማዕድናት ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። ጋዶሊናይት የሚባለውን ብታሞቁት የሆነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ድንገት ቦግ ብሎ ያበራል። የተፈናቀሉት አቶሞች ለዘመናት አፍነው የያዙትን ጉልበት ለቀው ወደ ሥርዓታቸው ሲመለሱ ነው። የተጎዳ ክሪስታል ሊድን እንደሚችል ሰው ያየው እንግዲህ ያኔ ነው፤ መዳኑ ግን እሳት ይፈልግ ነበር።

በ1929 ጎልድሽሚት ወደ ጀርመን፣ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተጠራ። ያኔ ጎቲንገን የሒሳብና የፊዚክስ መካ ነበረች። እዚያ በድንጋይና በከሰል አመድ ውስጥ እጅግ በትንሽ መጠን ያሉ ንጥረ ነገሮችን ሲያድን የቆየባቸው ዓመታት በሥራ ረገድ ለም ነበሩ። ሆኖም በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙና አይሁድ ፕሮፌሰሮች ከየዩኒቨርሲቲው ይባረሩ ጀመር። ጎልድሽሚት እስከ 1935 ቆየ። ከዚያ ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀና ያረጀ አባቱን ይዞ ወደ ኦስሎ ተመለሰ። ሚስት አላገባም፤ ቤቱ አባቱ ነበር፤ አባትየውም በ1937 ሞተ። በዓመቱ፣ በ1938፣ በዓለም ላይ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንደሚገኝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አሳተመ። ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን ጭምር መርምሮ ያዘጋጀው ነው። በኋላ የአቶምን እምብርት አሠራር ያጠኑ ሰዎች ብዙ ተጠቅመውበታል።

ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። የሸሸው ነገር ተከትሎት መጣ ማለት ነው።

ኦክቶበር 1942 በኖርዌይ የሚኖሩ አይሁድ ወንዶች በጅምላ ሲታሰሩ ጎልድሽሚትም ታሰረ። የወሰዱት ቶንስበርግ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ በርግ ማጎሪያ ነው። 54 ዓመቱ ነው፣ ጤናውም ደህና አልነበረም፤ እዚያ በጠና ታመመ። ሆስፒታል ገባ፣ ኖቬምበር 8 ተለቀቀ፣ ኖቬምበር 25 እንደገና ተያዘ። በዚያ ዘመን ሳያናይድ የሞላባት እንክብል ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው ለእኔም አንዲት ፈልግልኝ ቢለው፣ መርዝ ለኬሚስትሪ ፕሮፌሰሮች ብቻ የተፈቀደ ነው፣ አንተ የሜካኒክስ ሰው ስለሆንክ ገመድ ይበቃሃል የሚል ቀልድ መለሰለት እየተባለ ይነገራል። ሞት በር ላይ ቆሞ የሚቀለድ ቀልድ እንዲህ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ፣ ኖቬምበር 26፣ ዶናው የምትባል የጀርመን መርከብ ከኦስሎ ወደብ ከ500 በላይ አይሁዶችን ጭና ልትነሳ ነበር። ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ሕፃናት አሉ። ጎልድሽሚትም እዚያው ወደብ ላይ ነው። ልትጭነው ስትል እንዲመለስ ትእዛዝ ደረሰ። የሥራ ባልደረቦቹ የዚህ ሰው እውቀት ለመንግሥት አስፈላጊ ነው ብለው ተሟግተውለት ነበር። እሱ ቀረ፣ መርከቧ ሄደች። ተሳፋሪዎቹ ከመርከብ ወደ ባቡር ተዛውረው ዲሴምበር 1 አውሽቪትዝ ደረሱ። ሴቶቹ፣ ሕፃናቱና አቅመ ደካሞቹ የደረሱ ዕለት ተገደሉ። በዚያች መርከብ ከሄዱት በሕይወት የተመለሱት ከ10 ያንሳሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆም ፍቀዱልኝ። ይህቺን ታሪክ ሳይንቲስቶች ሲጽፏት አብዛኛውን ጊዜ ሳይንስ ሕይወቱን አዳነለት ብለው ያልፏታል። እውነት ነው፤ ባልደረቦቹም የቻሉትን አደረጉ፣ ማንም ቢሆን በእነሱ ቦታ ያለችውን ክር ይመዝ ነበር። ግን የቀረበው ክርክር ይህ ሰው ሰው ነው የሚል አልነበረም፤ ይህ ሰው ይጠቅማል የሚል ነበር። ገዳዮቹ ሊሰሙት የሚችሉት ክርክር ያ ብቻ ስለነበረ ነው። መርከቧ ላይ የነበሩት ልብስ ሰፊዎች፣ ነጋዴዎች፣ የቤት እመቤቶችና ሕፃናት የሚከራከርላቸው የጥሬ ዕቃ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ በወደቡ ላይ የቀረውን አንድ ሰው ተከትለን እንሄዳለን፤ ግድ ነው። መርከቧም ግን በታሪኩ ውስጥ መጻፍ አለባት ብዬ አምናለሁ።

ጎልድሽሚት ሌላ ዕድል አልጠበቀም። በኖርዌይ አርበኞች እርዳታ ዲሴምበር 18 ቀን ድንበር ተሻግሮ ስዊድን ገባ። በማርች 1943 በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በስኮትላንድ አበርዲን በሚገኘው የማኮሌ የአፈር ምርምር ተቋም፣ በኋላም ከለንደን ብዙ በማይርቀው የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራ። አቶም ሲለካ የኖረ ሰው አፈር ላይ ተቀመጠ፤ ግን ጥያቄው ያው ነው፦ የትኛው ንጥረ ነገር የት ተይዞ ይቀራል፣ የትኛው ታጥቦ ይሄዳል? በዚያው ጊዜ ትልቁን መጽሐፉን ይጽፍ ነበር።

ክሪስታሉንና ሰውየውን ማመሳሰል ቀላል ነበር። ተመታ፣ ቆሰለ፣ አገገመ ብሎ መጻፍ። ነገር ግን ጎልድሽሚት አላገገመም። በርግ ላይ የተሰበረው ጤናው አልተመለሰም፤ እንግሊዝ አገር የቆየባቸው ዓመታት በሕመም የተቆራረጡ ነበሩ። በጁን 1946 ወደ ኦስሎ ተመለሰ፤ ማርች 20 ቀን 1947 ሞተ። 59 ዓመቱ ነበር። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጭም አላገኘውም። ሳይጨርሰው የሞተው መጽሐፍ፣ ጂኦኬሚስትሪ የሚለው፣ በአሌክስ ሙር አሰናጅነት በ1954 ታተመ።

ከሞተ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው ጋዜጦቹ ትናንት ተወለደ የሚሉት ነገር የሚጀምረው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ጹቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ ፔሮቭስካይትን ለፀሐይ ኃይል ተጠቀሙበት። ክፍሏ ያቺው የጎልድሽሚት ክፍል ናት፤ ነዋሪዎቹ ግን ተቀይረዋል። በማዕዘኑ እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው)፣ በኦክስጅን ቦታ አዮዲን ወይም ብሮሚን፣ በእምብርቱ ደግሞ ሜቲል አሞኒየም የሚባል ትንሽ ሞለኪውል። ያኔ ከሚደርሰው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ከ25 በመቶ አልፏል። የጎልድሽሚትን ስሌት ሞክሬዋለሁ። ሜቲል አሞኒየም 2.17፣ እርሳስ 1.19፣ አዮዲን 2.20 አንግስትሮም ብንይዝ መልሱ 0.91 ይመጣል። ይቆማል ማለት ነው። በሞለኪውሉ ፋንታ ሴዚየም ብናስገባ 0.85 ይሆናል፤ በስሌቱ የሚያልፍ ይመስላል፣ በተግባር ግን በተራ የክፍል ሙቀት ጥቁሩ ክሪስታል ወደ ቢጫ ተለውጦ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ትልቁንና ትንሹን እንግዳ ቀላቅለው ያስገባሉ። ቀመሩ መሪ ነው፣ ዳኛ አይደለም።

ጨረሩስ? የጠፈር መንኮራኩር ላይ የሚገጠሙ የፀሐይ ሰሌዳዎች ከፀሐይና ከጠፈር በሚመጡ ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች ይደበደባሉ። ሲሊኮን ውስጥ ከቦታው የተፈናቀለ አቶም ጎደሎ ቦታ ትቶ ይሄዳል፤ ያ ጎደሎ ኤሌክትሪኩን እንደ ጉድጓድ እየዋጠ ሰሌዳውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። በ2016 በርሊን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፔሮቭስካይትን በፕሮቶን ሲደበድቡት ከሲሊኮን በተሻለ ቻለው፤ ድብደባው ሲቆም ደግሞ የተጎዳው ክፍል በራሱ ማገገም ጀመረ። በ2018 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ 10 ሺህ ትሪሊዮን የሚደርስ ኤሌክትሮን አዝንበውበት ሥራውን አላቆመም። በዚያው ዓመት በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች የብሮሚን ፔሮቭስካይት ክሪስታልን ከውስጡ በሌዘር አቁስለው በሰዓታት ውስጥ ሲያሽር አዩ። እሳት አላስፈለገውም።

ምክንያቱ 1924 ላይ ወደተጠየቀው ጥያቄ ይመልሰናል። የነዚህ ክሪስታሎች ማሰሪያ ላላ ያለ ነው። አዮዲኑ በተራ ሙቀት እንኳ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። ጨረር አንዱን ሲያፈናቅለው ጎረቤቱ መጥቶ ጎደሎውን ይሞላዋል፤ የተፈናቀለውም እየዞረ ቦታ ያገኛል። በሜታሚክት ማዕድን ውስጥ አቶሞቹ ለመመለስ እሳት ይጠብቁ ነበር፤ እዚህ ግን መመለስ ርካሽ ነው።

ዜናዎቹ የሚዘሉት ደግሞ የዚህኑ ነገር ሌላ ገጽ ነው። ያ የላላ ማሰሪያ ነው እርጥበትና ሙቀት በቀላሉ የሚፈቱት። ጨረሩ በእምብርቱ ያለውን ሞለኪውል ሰባብሮ ስብርባሪው በጋዝ መልክ ከወጣ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም፤ ቁስሉ ቋሚ ይሆናል። ለዚህ ነው አጥብቆ ማሸግ የሚያስፈልገው። እርሳሱም መርዝ ነው። ራሱን ያድናል የሚለውን ርእስ ለሚጽፍ ሰው ከየትኛው ቁስል፣ በስንት ሰዓት፣ ታሽጎ ነው ሳይታሸግ ብሎ መጠየቅ ሦስት ደቂቃ አይወስድበትም።

በስተመጨረሻ አንዲት ነገር። ከደቡብ አፍሪካው ኮፊፎንተይን የማዕድን ማውጫ በወጣ አንድ አልማዝ ውስጥ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የማይታወቅ ጥቁር አረንጓዴ የማዕድን ቅንጣት አገኙ። ቅንጣቱ ከመሬት በታች 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተፈጠረ ነው፤ ፖታሲየም፣ ኒዮቢየምና ኦክስጅን በብዛት አለበት። በ2019 ጥናቱን ሲያሳትሙ ስሙን ጎልድሽሚታይት አሉት። አደራደሩ ፔሮቭስካይት ነው።